የገደል ማሚቶ በሦስተኛ ፎቅ

ጌንት ሜዳ ናት፤ ገደል አልፈጠረባት፣
ከድልድይ ጉብታ ሌላ ሽቅብ የለባት።
ታዲያ ይቺ ማሚቶ፣ የገደሏ እመቤት፣
በየት በኩል ዞራ ገባች በእኔ ቤት?
ቦዩን ተሻግራ ነው? ትራም ተሳፍራ?
ማን በራችንን ጠቆማት፣ ማንስ ነው የጠራ?

መዳፌን ባጋጭ አንዴ፣ በሳሎኑ መሃል፣
ግድግዳ ለግድግዳ ሦስት ጊዜ ያቀብላል፤
ወዲያው መች ይሞታል! ዝርርር እያለ፣
እንደ ጃኬት ዚፕ እላዬ ላይ ዋለ።

ድምፅ ማጉያዎቹን ያገኘሁ በርካሽ
ከአንድ ጡረተኛ፣ የኦርጋን አዳሽ።
‹ሳጥኑ ደህና ነው› አለኝ ዮሪስ ሲሰናበት፣
‹ክፍልህን ጠይቀው፣ ጥፋቱ ካለበት።›

ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ፣ እንደ ባለዕዳ፣
ጥግ ጥጉን ይዞ ቆሟል ከግድግዳ፤
ሲጠሩት አይመጣም፣ ሲተዉት ያጓራል፣
የብርጭቆውን ቁም ሳጥን ይዞ ይንቀጠቀጣል።
ከታች ፎቅ ጎደሊቭ፣ በመጥረጊያ እጀታ፣
ጣሪያዋን ትመታለች ሁልጊዜ ማታ ማታ።

ሶፋው ከግድግዳ ሜትር ተኩል ራቀ፤
የትርሲት ትዕግሥት ግን እዚያው ላይ አለቀ።
‹ሰው ሳሎን መሃል እንደ ደሴት ይቀመጣል?
እንግዳ ቢመጣስ በየት በኩል ያልፋል?›
ጥያቄዋ ልክ ነው። መልሱን ልሰጣት ስል፣
ግድግዳው ቀደመኝ፣ በእኔው ድምፅ፣ ሲያቃጥል።

እዚህ ክፍል ቁጭ ብለን ዓመት ስንጣላ፣
አንድ ቃል ሲወጣ ሦስት ይመጣል ኋላ፤
የጀመረውን ሰው፣ የጨረሰውን፣
መለየት አቃተን ከማሚቶ ሰውን።

ቅዳሜ የድንጋይ ሱፍ ገዛሁ። ዓለት አቅልጠው፣
ፈትለው፣ ጠፍጥፈው፣ በላስቲክ ጠቅልለው
ይሸጡታል እዚህ፤ ማን ያምነኝ ነበረ
ድንጋይ በግ እንደሆነ፣ ድምፅ እንደቀበረ!
ክንዴን እያሳከከኝ ፍሬም ስመታ፣ በሩ ተንኳኳ፤
ጎደሊቭ ቆማለች፤ መጥረጊያ አልያዘችም ለካ፤
መቀስ ነው በእጇ። ‹ሠላሳ ዓመት መጋረጃ ሰፍቼ
እንዴት ዝም እላለሁ ይህን ጉድ ሰምቼ!›
ጨርቁን ካፏ አስጠግታ ትተነፍስበታለች፤
‹ትንፋሽ ካሳለፈ ድምፅም ያልፋል› አለች።

ከዚያ መስታወቱ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ አንዱ
ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ሌላው በመንገዱ
ግድግዳውን ታክኮ መስታወት ይጎትት፤
ድምፅ ማጉያው ውስጡ ብቅ ያለበት፣
እዚያ ላይ ነው ድምፁ የሚነጥረው፤
በእርሳስ ምልክት፤ ሱፉ እዚያ ነው።

ትርሲት ያዘችልኝ፣ ሳትወድ በግዷ፣
አንድ ዓይኗ ምድጃ፣ አንድ ዓይኗ ግድግዳ።
‹አየህ?› ‹ገና። ትንሽ ወደ ግራ።› ‹አሁንስ?›
ክንዷ ደክሞ ነው መሰል፣ መስታወቱ ሲመለስ
ሳጥኑን አላየሁም፤ እሷን ነው ያየኋት፤
ከጆሮዋ በላይ አንድ ዘለላ ሽበት፣
መች እንደወጣ የማላውቀው።
‹አሁንስ?› አለችኝ። ‹እዚያው ላይ ያዢው።›

ስምንቱን ሰቀልን፤ ስምንቱም በዛብን፤
ክፍሉ ታመመ፤ ቃል ካፋችን ሳይወጣ ሞተብን፤
የምራቄን መዋጥ፣ የሰዓቷን ትርታ
እየሰማን ዋልን፣ አፍኖን ጸጥታ።
‹መቃብር አረግከው።› ሁለቱን አወረድን፤
በቦታው መጻሕፍት ደረደርን፣
ረጅሙን ካጭር፣ ቁመቱ ያልገጠመ፤
ድምፁን እየበተነ ክፍሉን አስታመመ።
እንደገና አጨበጨብኩ፦ አንድ። በቃ።

ማታ አንድ ሸክላ አኖርኩ፣ ሽፋኑ የጠፋ፤
ቪዮላ ብቻዋን፣ ስትተክዝ፣ ስትከፋ።
የኛ ክፍል ዝም ሲል ሌላ ክፍል መጣ፤
ጣሪያው ሩቅ የሆነ፣ ድንጋዩ የነጣ፤
ወንበር ሲንቋቋ፣ ገጽ ሲገለበጥ፣
ተጫዋቿ አየር ስትስብ፣ ቀስቱ ሳይቀመጥ፤
ከኋላ፣ ከግራ፣ በጣም ከሩቅ ቦታ
አንድ ሰው አነጠሰ፤ መሀረብ ሲፈታ
ዘግይቶ ነው መሰል።
‹ይማርህ!› አለች ትርሲት፣ ሳታስበው፣ ቶሎ፤
ሰውየው ማን ያውቃል፣ ሄዷል ተጠቅልሎ።
ግድግዳው አልመለሰም፤ ማሚቶም አልሰማች፤
‹ያኑርሽ› የሚላት አጥታ ቁጭ ብላ ሳለች፣
ከልኩ መቀመጫ ወደ ዳር አልኩና፣
ስለ ሰውየው ብዬ፣ ዝቅ ባለ ቃና፣
‹ያኑርሽ› አልኳት።